ስንተኛው ሮላንድ

ከበቡሽ የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ኖራ ወገቧ እምቢ ቢላት፣ በ1996 ሥራ ቀየረችና አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ማስታመም ጀመረች። ሽማግሌውም እንደ እሷ ከአገራቸው ርቀው፣ በረሃ ላይ በተሠራችው የቁማር ቤቶች ከተማ፣ ዊንቸስተር በሚባለው ሰፈር ነበር የሚኖሩት። ስማቸው ሮላንድ ፔምብሪ ይባላል። አባታቸው ሮላንድ፣ አያታቸው ሮላንድ፤ ከዚያም በላይ ያሉት፣ እንግሊዝ ገጠር መሬት ይዘው የኖሩት ባላባቶች ሁሉ ሮላንድ ነበሩ። መሬቱ በአያታቸው ጊዜ እጅ ለቋል። የቀረው ስሙ ነው።

አንድ ልጃቸውም ያው ሮላንድ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ በሚባል ቦታ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ከሚስቱ ከዴኒስ ጋር ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር ይኖራል። ከአባቱ ጋር ከተኮራረፉ ዓመታት አልፈዋል። ዴኒስ ማርገዟ ከተሰማ ወዲህ ግን ሽማግሌው ሌላ ወሬ የላቸውም።

“ወንድ ከሆነ ሮላንድ እንዲለው ንገሪው።”

“ራስዎ ደውለው አይነግሩትም?” ትላለች ከበቡሽ።

“እኔ ስደውል ይዘጋብኛል።”

ትደውላለች። ልጁ ደግሞ፣ “ከቢ፣ እኔ ስም ኖሮኝ አያውቅም። ‘ሮላንድ’ ሲባል የሚፈለገው ሁልጊዜ እሱ ነው። ልጄ የራሱ ስም ይኑረው” ይላታል። ይህን ለታማሚ ሰው እንዴት ትናገር? “ያስብበታል” ብላ ታልፋለች። ማታ ቤቷ ስትገባ፣ “በሰው አገር የሰው ዘመድ አስታራቂ ሆኜ ቀረሁ!” እያለች ጫማዋን ወርውራ ትቀመጣለች።

አንድ ነሐሴ ቀን ሽማግሌው ምሳ እየበሉ ወደ ጎን ዘመም አሉ። አምቡላንስ ወሰዳቸው፤ ከበቡሽ በመኪናዋ ተከተለች። ሆስፒታሉ መግቢያ ላይ ያለችው ሠራተኛ ስሙን ኮምፒውተር ላይ አየችና፣ “አለ፤ ባለፈው ዓመት እጁን ተሰፍቷል” አለች።

“እሱ ልጁ ነው! እኔ ያመጣኋቸው አባትየውን ነው። የልደት ዘመን ቼክ አድርጊ!”

“ዘመዱ ነሽ?”

“አይደለሁም፤ አስታማሚያቸው ነኝ።”

“እንግዲያው ቁጭ በይ።”

ለነርሷ ነገረች፤ ለሌላዋም ነገረች። ሁሉም “እሺ፣ እሺ” ብለው አለፏት። በንዴት ሄዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሰዓት ካለፈ በኋላ የመግቢያው በር ተከፈተና አንዲት ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ገባች። ዴኒስ ነበረች። “ሮላንድ ሞተ! ባሌ ሞተ!” እያለች ትጮሃለች። ለካ ሆስፒታሉ መዝገቡ ላይ ባገኘው በልጅየው ቤት ስልክ ደውሎ፣ “ባለቤትሽ አርፏል” ብሏት፣ እዚያው ወድቃ ምጥ ይዟት ኖሯል። ከበቡሽ ሮጣ እጇን ያዘች። “ባልሽ አይደለም! ባልሽ ሥራ ላይ ነው፤ አባትየው ናቸው!” ይህን ብላ ስትጨርስ ገና ነገሩ ገባት፤ ሽማግሌው ሞተዋል፤ እሷ የሰማችው ከዴኒስ ጩኸት ነው።

ሕፃኑ ከቀኑ ቀደም ብሎ ተወለደ፤ ትንሽ ግን ደህና፣ ወንድ። አባቱ በሥራ ጫማው ደርሶ የአባቱን ሬሳና የልጁን ፊት በአንድ ቀን አየ።

ከቀብር በኋላ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። “ሮላንድ ይባል” ያለው ልጅየው ሆነ። “ያን ስም ሞተ ተብሎ ሰምቼዋለሁ፤ በልጄ ላይ አልጠራውም” አለች ዴኒስ።

“ከቢ፣ እባክሽ ንገሪያት” አላት እሱ።

ከበቡሽ ትዕግስቷ አለቀ። “እኔ አልነግርም! አባትህ በሕይወት ሳሉ ይህችን ቃል ብትላቸው ምን ነበረበት? እየደወልኩ ስለምንህ አልነበር?”

ነገሩን ለዴኒስ ተወላት። ሕፃኑም ኮሊን ተባለ።

ከበቡሽ ሌላ በሽተኛ ተሰጣት፤ ሥራዋን ቀጠለች። ንዴቱ ግን ለብዙ ጊዜ አልለቀቃትም። ሽማግሌው ሲሞቱ አጠገባቸው የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም፤ እሷ ደግሞ ከክፍላቸው በር ወዲህ ወንበር ላይ ነበረች።