መጋዙ እስኪነሳ

ዱባለ አዲስ አበባ፣ ሰባተኛ አካባቢ በቆርቆሮ ከለላ ሥር የወፍጮ ሞተርና የውሃ ፓምፕ ይጠግን ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። ጎረቤቱ በሽር ግን ወሬ አይጠግብም። በሽር ከወሎ መጥቶ አትክልት ተራ በሸክም ሥራ ነበር የሚተዳደረው። በእሱና በዱባለ ቤት መካከል ያለችው አንዲት የጭቃ ግድግዳ ስለሆነች፣ ዱባለ ማታ ማታ የበሽርንና የሚስቱን የሁሪያን ሳቅ እየሰማ ነበር የሚተኛው።

በደርግ ዘመን፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በአንዱ ክረምት፣ ሳያባራ ሲዘንብ ሰንብቶ ጠዋት ላይ ከግቢው ጀርባ ያለው አሮጌ ባሕር ዛፍ ተነቅሎ በሽር ቤት ላይ ወደቀ። ሁሪያ ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። በሽር ከወገቡ በታች ግንዱ ሥር ቀረ።

ጎረቤት ተሰብስቦ በገመድ ሊያነሳው ሞከረ። ግንዱ ነቅነቅ ሲል የተረፈው ግድግዳ ወደ በሽር ማዘንበል ጀመረ፤ ተዉት። በእጅ መጋዝ ሞከሩ፤ ምላጩ እርጥቡ ግንድ ውስጥ እየተነከሰ አልሄድ አለ። በመጨረሻ አንዱ ሮጦ ከቀበሌ የሞተር መጋዝ ይዞ መጣ። የማስነሻ ገመዱን ቢስቡት፣ ቢስቡት ሞተሩ አልነሳም። ለዱባለ ሰጡት።

«ጋሼ ዱባለ፣ ይነሳል አይደል?» አለች ሁሪያ፣ የባሏን እጅ እንደያዘች።

«ይነሳል» አለ።

እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታ። ርሷል። አድርቆ፣ ጥላሸቱን ጠርጎ፣ ብረት አስነክቶ ገመዱን ሲስብ ሰማያዊ ብልጭታ አየ። እሳት አለው ማለት ነው። መልሶ ገጠመና ሳበ፤ ዝም። የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ አራገፈና ደግሞ ሳበ፤ አሁንም ዝም።

«አታስቸኩሉት» አለ በሽር ከሥር፣ ድምፁ ሰልሎ። «ዱባለ ሲቸኩል አይሆንለትም።»

ዱባለ ከታንኩ ጥቂት መዳፉ ላይ አፍስሶ አሸተተ። ቤንዚኑ በላምባ ተበርዟል።

ታንኩ ውስጥ ያለውን ደፍቶ ዝናቡ ውስጥ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሮጠ። እዚያ ጎበዜ የሚባል ባለ ታክሲ ያውቅ ነበር። ጎበዜ ነገሩን እንደሰማ አላንገራገረም፤ ከራሱ ታክሲ ታንክ በቱቦ በአፉ ስቦ አንድ ጠርሙስ ሞላለት። «ከዚህ በላይ ብሰጥህ ራሴም መንገድ ላይ እቀራለሁ» አለ።

ዱባለ ሲመለስ በሽር አያወራም። ሁሪያ ጆሮው ላይ ቁርዓን ትቀራለታለች። ዱባለ ቤንዚኑን ከዘይት ቀላቅሎ ሞላና ሳበ። ቤንዚኑ የሚያልፍበት ካርቡራተር ውስጥ የቀረው ላምባ እምቢ አለ። ካንዴላውን ዳግመኛ ፈትቶ፣ በባዶው ደጋግሞ ስቦ የተረፈውን አስተፋው። ካንዴላውን መልሶ መግጠም አቃተውና አንድ ጎረቤት አጠበቀለት። እንደገና ሳበ። ሞተሩ አንዴ አሳለው፤ ከዚያ ጮኸ።

ሰዉ «ተመስገን» አለ። ዱባለ ቀና ብሎ ሳያይ ግንዱን በሁለት በኩል ቆረጠ። ሰዎች ቁራጩን አንስተው ወዲያ ሲጥሉ በሽር አልተነቃነቀም። ሁሪያ እጁን አልለቀቀችም ነበር፤ መቼ እንዳለፈ ግን እሷም አላወቀችም።

በሽር በዚያው ቀን ኮልፌ፣ የሙስሊሞች መቃብር ተቀበረ። ዱባለ መቃብሩ ዳር ቆሞ ቆየ፤ ጥፋቱ ያንተ ነው ያለው ማንም የለም። እሱ ግን ቤንዚኑን ገና ከመጀመሪያው ለምን እንዳላሸተተው ራሱን ይጠይቅ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ሁሪያ ወሎ ወደ ዘመዶቿ ልትመለስ ተነሳች። ዱባለ ጓዟን ተሸክሞ አውቶቡስ ተራ ሸኛት። ልትሳፈር ስትል ዞር አለች።

«ጋሼ ዱባለ፣ መጋዙ ሲነሳ ሰምቶ ይሆን?»

ዱባለ ጓዟን አቀበላት። ሰምቷል ሊላት ፈልጎ ነበር።

«አላውቅም፣ ሁሪያ» አለ።

እሷም ራሷን ነቅንቃ ገባች። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ዱባለ ግርግሩ መሀል፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ መንገደኛ እያየው አለቀሰ።