ቶሎ የሚረጋ ደም

የእኛ ቤት ሰው ቢቆረጥ ደሙ ወዲያው ይረጋል። ማጭድ ጣቴን ሲበላኝ፣ ጎረቤት አመድ ይዞ ሳይደርስልኝ ቀጥ ብሎ ነበር። ዋግምት የሚያግሙት ሽማግሌ እንኳ ቀንዱን ከጀርባዬ አንስተው ደሙን እንደ ጉበት ረግቶ ቢያገኙት፣ "ይህስ ደግ ደም አይደለም" አሉ። እኔ ምን ተዳዬ፣ ሳቅሁባቸው።

ያን ዓመት ታናሽ እህቴ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ ለንጉሡ መድፍ ሥራ እንጨት ሊያመላልስ ወደ ጋፋት ተይዞ ሄዶ ስለነበር አራሷን የያዝኋት እኔ ነኝ። እናታችን የሞተችው በአራስነቷ ነው፤ ግራ እግሯ አብጦ። ከቤት ወጥታ ምች መታት ተባለ። ስለዚህ እህቴን ክርስትናው እስኪደርስ ሰማንያ ቀን ከመደቧ ላላስነሳት ማልሁ።

"እትዬ፣ እግሬ ደነዘዘኝ፤ እስከ በሩ እንኳ ልራመድ" ትለኛለች።

"እናትሽን የበላት መውጣት አይደለም? ተኚ" እላታለሁ። ግትር ነኝ፣ ሰው ሁሉ ያውቀኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ግራ ባቷ አበጠ፤ ጋለ፤ ቆዳው ተወጥሮ አብረቀረቀ። ያኔ ፈራሁ። ወጌሻዋን አሮጊት አስመጣሁ። ዳበስ አድርገው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ይህ ጅማት አይደለም ልጄ። እኔ አልነካውም፤ አንቺም አትንኪው።"

"አንቱ ከፈሩ እኔ አለሁ" አልኋቸው።

እሳቸው እንደወጡ ቅቤ አቅልጬ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጭኗ ሽቅብ አሸሁት። ስታቃስት "ቻይው" አልኋት። እጄ ብርቱ ነው። ከዚያ "ቀለል አለኝ" ብላ ልጇን ልታጠባ ቀና አለች። ብዙም አልቆየች፣ ደረቷን ያዘች። ትንፋሽ አጠራት፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ሕፃኗ ገና ጡት እንደያዘች እህቴ ሞተች።

አገሩ ቡዳ በላት አለ። እኔም አብሬ ቡዳ አልሁ፤ ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ አልተናገርሁም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። የወጋሁት እኔ ነኝ፣ አልረሳሁም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባሏ ለተዝካሩ ከጋፋት መጣ። እዚያው ለቀስተኛው ፊት ጎንበስ ብሎ ሁለቱን እጆቼን ሳመ።

"እስከ መጨረሻው እግሯን ሲያሹላት የነበሩት አንቱ ነዎት አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ" አለ።

"አብሮ ይስጠን" አልሁት።