ገንዳው ዳር

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ ከኮልፌ ወጣ ብሎ በነበረ አንድ በረት የከብት ጤና መርማሪ ነበርኩ። ከምዕራብ አገር በእግራቸው የተነዱ በሬዎችን አያለሁ፤ ጤነኛውን ፈርሜ አሳልፋለሁ፤ እነሱም በባቡር ጅቡቲ ወርደው መርከብ ይሳፈራሉ። ነጋዴውም አለቃዬም ሁልጊዜ ይቸኩላሉ፤ ስለዚህ የምመልሰው ከብት ጥቂት ነበር። የሰፈሩ ሰው «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያለ ይተርበኛል። አልቀየምም፤ እውነት ነዋ። ያኔ ገና አርባ አልሞላኝም፤ የደከመኝ ግን እንደ ሽማግሌ ነበር።

በዚያ ሁሉ ዓመት ከራሴ ያወጣሁት ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ ከብቱ ከገንዳው ውሃ ሳይጠጣ አላይም። ያን ሁሉ መንገድ ለመጣ ፍጡር ይህ አይበዛበትም ብዬ ነው። ደህና መጠጣቱንም የጤና ምልክት አድርጌ እቆጥርለት ነበር፤ ጠጥቶ ሆዱ ሞላ ያለውን ቶሎ አሳልፋለሁ። አልዋሽም፣ በዚህ ነገር እኮራ ነበር።

ከነጋዴዎቹ ሁሉ የማከብራቸው ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሀጂ ነበሩ። የእሳቸው ከብቶች አንዴ ገንዳው ላይ ከተደፉ ቀና አይሉም። «የሀጂ ከብት ምን ይወጣለታል!» እያልኩ እፈርማለሁ።

አንድ ጠዋት ከእሳቸው ከብቶች አንድ ቦቃ በሬ ጠጥቶ ጠጥቶ፣ እዚያው ገንዳው ዳር ተንቀጥቅጦ ወደቀ። ራሱን ደግፌ ስይዘው እጄን ይልሰኝ ጀመር። አፉ ዙሪያ ነጭ ነገር ደርቆበታል። ቀመስ አደረግሁት፤ ጨው ነው። የሀጂን ከብት ነጂ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፣ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እርስዎ ብዙ የሚጠጣ ይወዳሉ ብለን ነዋ!» አሉኝ ደንግጠው። «ሦስት ቀን ውሃ እንከለክላቸውና አሞሌ እናስልሳቸዋለን። እኛ ብቻ መሰልንዎ? ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።»

በሬው ቀትር ሳይሆን ሞተ። አፈርኩ። የእኔ ደግነት ስንቱን ከብት በጥም እንዳቃጠለ ማሰቡ ራሱ አቃተኝ።

በማግስቱ ደንቡን ሻርኩ፤ ከብቱን እንደደረሰ፣ ሳይጠጣ አየዋለሁ አልኩ። ጨው ማስላሱ ቀረ። ውሃ ማጠጣቱም አብሮ ቀረ፤ ከተፈረመ በኋላ ለማን ብለው ያጠጡ? ስለዚህ ፈርሜ ስጨርስ ባልዲ ይዤ ገንዳውን የምሞላው እኔው ሆንኩ። ወገቤ ይቆረጣል፤ የሚያግዘኝ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ሀጂ አጥሩን ተደግፈው አዩኝና ሳቁ።

«አንተ ሰው፣ ከፈረምክ በኋላ ማጠጣት ምን ያደርግልሃል?»

«ምንም» አልኳቸው። «ጠምቷቸው ነው።»

ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ገንዳው አዩ። ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያ የሚወስደው ጭነት መኪና ደርሶ ነበርና ከብቶቹን እንዲጭኑ ነጂዎቻቸውን ተጣሩ። ግማሾቹ ገና አልጠጡም ነበር።