የሞጣ ካርድ ክፍል ለምን ይጠፋ ነበር

ስጦታው የሚሠራው ቢቸና ነው፤ ክሊኒኩ ግን ሞጣም ቅርንጫፍ ስላለው የሁለቱም ኮምፒውተር በሱ እጅ ነው። ሞጣ ድረስ መመላለስ ከቀረለት ቆይቷል። የትኛው ፕሮግራም ይሥራ፣ የትኛው ይቁም የሚለውን አንድ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሮቹን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም በየሩብ ሰዓቱ ፋይሉን እያየ ያስፈጽማል።

የቢቸናው ታቦት በሚነግሥበት ዕለት የቢቸና ካርድ ክፍል ዝግ ነበር። ስጦታው አጋጣሚውን ተጠቅሞ የዚያን ክፍል ኮምፒውተር ዲስክ ሊቀይር፣ "የካርድ ፕሮግራም ይቁም" ብሎ ጻፈ።

ሦስት ሰዓት ላይ የሞጣዋ ካርድ ሠራተኛ ወይንእሸት ደወለች።

"ጋሼ፣ ካርዱ ቆመብኝ።"

"አስነሺው።"

"አስነሣሁት እኮ! ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ዛሬ ደግሞ ገበያ ነው፣ ሰዉ በር ድረስ ተሰልፏል።"

"አንቺ ካልነካሽው በራሱ አይጠፋም።"

በአራተኛው ጥሪ ትዕግሥቱ አለቀ። ስልኩን በስፒከር እንደከፈተችው ያውቃል፤ ቢሆንም ጮኸባት።

"ጣትሽን ሰብስቢ! ካልቻልሽ ለሚችል ልቀቂ!"

ከሰልፉ አንዲት እናት "ኧረ ምን በደለችው?" ሲሉ ተሰማው።

ወዲያው ጩኸቱን የሰሙት የሞጣዋ ሥራ አስኪያጅ ሲስተር ሀብትነሽ ደወሉ። "ለልጅቱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ልጽፍላት ነው። መቼ መቼ እንዳጠፋችው ማስረጃውን ላክልኝ።"

ኮምፒውተሩ ላይ የትእዛዞቹን መዝገብ ከፈተ። በየሩብ ሰዓቱ "አቁም" የሚል ትእዛዝ ሄዷል፤ የተላከው ከቢቸና፣ ያዘዘው ስጦታው። ትእዛዙ ላይ የከተማውን ስም አልጻፈም፤ ስም ካልተጻፈ ደግሞ ለሁለቱም ነው። ጠዋቱን ሙሉ እሷ ስታስነሣ እሱ ሲያጠፋ ነበር።

"ቢቸና" የምትለዋን ቃል ጨመረ፤ የሞጣው ፕሮግራም ተነሣ። ያን መዝገብ ከሱ ሌላ የሚያነብ ሰው በሁለቱም ቅርንጫፍ የለም። "ኔትወርክ ነው" ቢል ማን ይጠይቀዋል? ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቶ አስቀመጠው። በሦስተኛው ደወለ።

"ሲስተር፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ጩኸት?"

"ማስጠንቀቂያው በኔ ስም ይጻፍ" ብቻ አለ።

ቀጥሎ ሞጣ ደወለ። "ወይንእሸት፣ ስፒከሩን ክፈቺው። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ሰዉ ይስማ።"

"ሰዉማ ሄደ፣ ጋሼ። ግማሹ ሳይታከም ወደየአገሩ ገባ።"

"እኒያ እናትስ?"

"እሳቸውም።"

"እንግዲያው አንቺ ስሚኝ" አለና ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ሊነግራት መዝገቡን ከፈተ።

"ይናገሩ እንጂ፣ እየሰማሁ ነው" አለችው።