የጎደሉት ዘጠኝ ከብቶች

ይህ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ እኔ ልጅ እግር ጸሐፊ ሳለሁ ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያቺን ቀን ግን አልረሳትም፤ የአንድ ሰው ነፍስ በእኔ ቆጠራ ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

ያኔ ከኮልፌ አለፍ ብሎ፣ ዛሬ ቤቴል በሚባለው በኩል፣ አገሩ ሁሉ ግጦሽ ነበር። እዚያ አንድ ጣሊያን የወተት ላሞች ያረባ ነበር፤ ቋንቋውን ትንሽ ስለምሞክር እኔን ጸሐፊ አድርጎ ቀጠረኝ። ከብቶቹን የሚጠብቁት አባ ደቻሳ የሚባሉ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ።

ጌታዬ ታሞ በተኛበት አንድ ጠዋት ከመሀል ከተማ ተቆጣጣሪ ተላከ። ላም ከበሬ የሚለይ አይመስልም፤ ቁጥር ግን ያውቃል። ከወር በፊት የከብት ሐኪሙ መቶ አሥራ ሁለት ከብት መክተቡን አስመዝግቧል። ተቆጣጣሪው በረቱ ደጃፍ ቆሞ ሲቆጥር መቶ ሦስት ሆነ። አባ ደቻሳም ሲጠየቁ መቶ ሦስት ናቸው አሉ።

“ሽማግሌው ዘጠኙን ለሽፍቶች ሰጥቷል” አለኝ ተቆጣጣሪው። ሽፍታ የሚላቸው አርበኞቹን ነው። ከሰዓት በኋላ አባ ደቻሳን ለካራቢኔሪ፣ ለጣሊያን ፖሊሶች፣ እንደሚያስረክባቸው ነገረኝ። በዚህ ነገር ተይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው አላውቅም።

ሆዴ እሺ አላለኝም። ዘጠኝ ከብት መርፌ አይደል፣ እንዴት ሰው ሳያይ ይጠፋል? እስከ ምሳ ጊዜ እንዲሰጠኝ ለምኜ በረቱ ውስጥ ገባሁ። መጀመሪያ የተቆጣጣሪውን ቆጠራ ደገምኩት፤ ልክ ነው። እንግዲያው ሐኪሙ ቆጥሮት እኛ ያልቆጠርነው ነገር አለ ብዬ፣ አባ ደቻሳ ከብቶቹን በየስማቸው እንዲጠሩልኝ አደረግሁ።

ቦራ የምትባለው ላም ላይ ስንደርስ እምቧ ማለቷን አላቆም አለች።

“ምን ሆና ነው?” አልኳቸው።

“ልጇን ፈልጋ ነዋ።”

“ልጇ የታለ?”

“እዚያ ጎጆ ውስጥ ታስሯል፣ እንደ ሌሎቹ። ጡት ያልተወ ጥጃ መቼ ይቆጠራል? ላም ከነልጇ አንድ ናት።”

ለካ ሐኪሙ ጎጆው ድረስ ገብቶ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም ከትቧል። ሮጬ ገብቼ ብቆጥር ዘጠኝ ጥጃ። ተቆጣጣሪውን ለመጥራት ቸኮልኩ።

ከዚያ ጥጉ ላይ የተኛችውን ትንሿን ጥጃ ልብ አልኩ። እትብቷ እንኳ ገና አልደረቀም። ሐኪሙ በመጣ ጊዜ ይህች ጥጃ አልተወለደችም። ስለዚህ እሱ የቆጠራቸው ጥጆች ስምንት ናቸው፤ ከትልልቆቹ ከብቶች አንዱ እውነትም የለም ማለት ነው።

ዞር ስል አባ ደቻሳ በሩ ላይ ቆመዋል።

“አባ፣ አንዱስ?” አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

“እሱን አትፈልገው፣ ልጄ። ጫካ ያሉትንም ይርባቸዋል።”

ብዙ አላሰብኩም። ጭድ አፍሼ የትንሿን ሆድ ሸፈንኩና ተቆጣጣሪውን ጠራሁት። በጣቱ እየጠቆመ ዘጠኝ ድረስ ቆጠረ፤ ከመቶ ሦስቱ ጋር ደመረና “ሞልቷል” አለ። ወረቀቱን አስፈርሞኝ፣ ካራቢኔሪ ሳይጠራ ሄደ።

እኔ ሂሳብ ሳይገጥም እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ፤ በዚህ አብረውኝ የሠሩ ሁሉ ሲያሙኝ ኖረዋል። ያን ቀን ግን አንድ ከብት እንደጎደለ እያወቅሁ፣ ሞልቷል ብዬ ፈረምኩ። ዛሬም ቢያመጡልኝ እፈርማለሁ።