እሷም ብስክሌቱን ትተው

ደብረ ታቦርም ሆነ ንፋስ መውጫ፣ እስቴም ሆነ ስማዳ፣ ከሚኒባስ ረዳት ጋር ያልተጣላሁበት መናኸሪያ የለም። የጠቡ መነሻ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ይሄ ብረት የማን ነው?» ይላል ረዳቱ። «የኔ ነው» እላለሁ። «ፖርቶመጋላ ላይ ይጫን!» ይላል። ታጥፎ ከመቀመጫ ሥር የሚገባ ብስክሌት ነው፤ አጥፌም አሳየዋለሁ። ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ላይ አምስት ሰው የሚያጭቅ ሰው የኔ ብስክሌት ቦታ ያዘብኝ ሲል ደሜ ይፈላል።

ሥራዬ የጤና ጣቢያ ዕቃ መጠገን ነው፤ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ ማይክሮስኮፕ፣ የደም ግፊት መለኪያ። ሰኞ ጋይንት ከሆንኩ ሐሙስ ስማዳ ነኝ። ድሮ ከመናኸሪያ ወርጄ ባጃጅ እጠብቅ ነበር። ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ የመፍቻ ሻንጣዬን ተሸክሜ እኳትናለሁ። ባሕር ዳር ስማር ብስክሌት ለምጄ ስለነበር፣ እዚያው አንድ ያገለገለ ታጣፊ አገኘሁና ገዛሁ። ከከተማ ከተማ በሚኒባስ፣ ከተማ ውስጥ በብስክሌት መሄድ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ሰባኪ ሆንኩ። ሻይ ቤት፣ ቢሮ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አወራ ነበር። ከተሞቻችን ትንንሽ ናቸው፤ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ጭስ መጠጣት ምን ያስፈልጋል? «ዳገቱስ?» ይሉኛል። «ወርዶ መግፋት ነዋ!» ይስቃሉ። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለ ከተማ ጽዳት ሲነሳ እጄን አውጥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። መድረክ ላይ የነበሩት ሰውዬ «ደመወዝህ ካነሰ ንገረን እንጂ» ብለው አዳራሹን አሳቁብኝ። ሲያበቃ ከአዳራሹ ማዶ ወዳለው ምግብ ቤት ለመሄድ ሾፌራቸውን ጠሩ። መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር የቀራቸው።

ያልሳቀችብኝ አንዲት ነርስ ናት። ንፋስ መውጫ የክትባት ክፍል የምትሠራ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ የሁለት ሴቶች ልጆች እናት ናት። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ማቀዝቀዣዋን እየጠገንኩ ሳለ ብስክሌቱን ስትከፍትና ስታጥፍ ቆየች።

«ጣት አይቆርጥም?»

«ካልተጠነቀቁ ይቆርጣል።»

«እንግዲያው ለኔም አምጣልኝ» አለችኝ።

አመጣሁላት። ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተለማመደች። ያ የንፋስ መውጫ ነፋስ እየገፋ ሦስት ጊዜ ጣላት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የክትባት ሣጥኑን ከኋላ አስራ መንደር ለመንደር መሄድ ጀመረች።

ከተማው ሊበላት ደረሰ። «ባለትዳር ሴት እግሯን ከፍታ!» አሉ። ይህን የሚሉት ሚስቶቻቸው ጀሪካን አዝለው ዳገት ሲወጡ አይተው የማያውቁ የሚመስሉ ወንዶች ናቸው። እሷ ሣጥኗን አስራ መንገዷን ቀጠለች። እኔ ግን ለእያንዳንዱ መልስ እሰጥ ነበር።

አንድ ጠዋት እስቴ ሆኜ ስልክ ተደወለልኝ። ከመንደር መንገድ የወጣ ባጃጅ፣ ማዶ የቆመ ተሳፋሪ አይቶ ዞር ብሎ ሳያይ ታጥፎ ሲስተርን ገጭቷት ነበር። በማግስቱ ስደርስ የጤና ጣቢያው ዘበኛ በር ላይ ተቀበለኝ።

«ያንተ ብስክሌት ሲስተርን ሰበራት» አለኝ።

«ባጃጅ ነው የገጫት!»

«ብስክሌት ላይ ባትሆን መች ይገጫት ነበር?»

ያን ቀን ይህንን ነገር ከስንት ሰው አፍ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ስለ ባጃጁ የሚያወራ አልነበረም። ሲስተር ቅልጥሟ ተሰብሮ እግሯ በጀሶ ታስሯል። ብስክሌቱ ግድግዳ ሥር ተጥሏል፤ ማጠፊያው ተሰንጥቆ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የባለ ባጃጁ ቤተሰቦች ሽማግሌ ላኩ። ግቢዋ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መሪያቸው የሲስተር የንስሐ አባት ነበሩ፤ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ እኔም የማከብራቸው ቄስ። አጠገባቸው የባለ ባጃጁ አጎት ተቀምጧል። ባለ ባጃጁ ራሱ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው፣ ጋቢውን ተከናንቦ አጥሩ ሥር ቆሟል። የሲስተር ባል ለሥራ ርቆ ስለሄደ፣ ወንድምም ስለሌላት፣ እኔ በሷ በኩል ተቀመጥኩ።

ቄሱ ረጋ ብለው ተናገሩ። «ጥፋቱን አምኗል፤ ይቅርታ ይጠይቃል። አንቺም ልጄ፣ ስለ መድኃኔ ዓለም ብለሽ ይቅር ትይዋለሽ።» ወደኔም ዞሩ። «ለወደፊቱም ጠብ እንዳይኖር፣ እሷም ብስክሌቱን ትተው ብለናል።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «እሱስ ባጃጁን ይተዋል?» አልኩ።

«እንጀራው ነው» አለ አጎቱ።

«የሷስ እንጀራ አይደለም?»

«ተው ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉ ቄሱ።

አልተቀመጥኩም። «አባ፣ እርስዎ በበቅሎ ሲሄዱ ባጃጅ ቢገጭዎት በቅሎዎን ይተዋሉ? ይህ ሽምግልና ነው ወይስ የባጃጅ ማኅበር ስብሰባ?» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን አልጽፈውም፤ በቄስ ፊት የሚባል አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ዕርቁ ፈረሰ።

ሲስተር የምታመሰግነኝ መስሎኝ ዞር አልኩ። ፊቷ ቀልቷል።

«ማን ተናገርልኝ አለህ?»

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«ለኔ አይደለም፤ ለብስክሌትህ ነው። እግሬ በጀሶ ታስሮ ገብተህ መጀመሪያ ምን አልከኝ? ‹የተሰበረው ማጠፊያው ነው ወይስ ሌላም አለ?› አልከኝ። እኔን ሳትጠይቅ!»

እውነቷን ነው። ብዬ ነበር።

«አፍ አለኝ። ልናገር ስል ነው አንተ የጮህከው። እነሱ ተይ አሉኝ፣ አንተ አትተውም አልካቸው። እኔን የጠየቀኝ ማን ነው?»

ወጥቼ ሄድኩ። እስከ መናኸሪያው ድረስ በሷም ተናደድኩ። ላብ እስኪያጠምቀኝ ብስክሌቴን ስነዳ ቆየሁና ንዴቱ ዞሮ ራሴ ላይ አረፈ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

«ጥያቄህ ጥያቄ ነበር» አሉኝ። «አጠያየቅህ ግን ጥጋብ ነው። አሁንም ሴት ልጅ በዚያ ነገር ላይ ባትወጣ እመርጣለሁ። ተመልሰን እንሄዳለን፤ አንተ ግን እንዳትመጣ።»

«እሺ አባ» አልኩ፤ ጥርሴን ነክሼ።

ሁለተኛውን ዕርቅ የሰማሁት ከሷ ነው። ቄሱ ያንኑ ቃል ሊደግሙ ሲጀምሩ አቋረጠቻቸው። «አባቴ፣ ይቅር ብያለሁ። ብስክሌቱን ግን አልተውም። በዚህ የሚያስታርቅ ካለ ይቀመጥ፤ ከሌለ ፍርድ ቤት አለ» አለች። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ተቀመጡ። ባለ ባጃጁ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ሲወድቅ፣ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ባጃጆች ወረፋ በሚይዙበት ቦታ ቆሞ፣ ጥፋቱ የሱ እንጂ የብስክሌቱ እንዳልሆነ ለጓደኞቹ እንዲናገር። ተናገረ አሉ። ግማሾቹ ሳቁ አሉ።

ብስክሌቱን ወደ ብየዳ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ለማጠፊያው መለዋወጫ ባሕር ዳርም አጣሁ። በያጁ «በብየዳ ልድፈነው?» አለኝ። ከደፈነው ከእንግዲህ አይታጠፍም፤ ተው አልኩት። ለሲስተር ደውዬ ነገርኳት።

«ከቤቴ ጤና ጣቢያ ለመሄድ መታጠፍ ምን ያደርግልኛል? ይበየድ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ተበየደ። ጠባሳው ወፍራምና አስቀያሚ ነው።

ከወራት በኋላ ጀሶው ወጥቶ፣ ትንሽ እያነከሰች፣ መጀመሪያ የወጣች ቀን አጠገቧ ነበርኩ። እኔ በኔ ብስክሌት፣ እሷ በማይታጠፈው ታጣፊ። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ አንድ ባጃጅ ከኋላችን ጥሩምባውን ለቀቀው። ዞሬ በቁጣ መጮህ ጀመርኩ፤ እሱም መለሰልኝ።

«አንተ ሰውዬ ዝም በል!» አለች ሲስተር፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «ከኋላ የሚመጣውን ልስማ!»

ጠቡን ትቼ ዳሬን ያዝኩ። ባጃጁ አለፈን። እሷም ፍሬኗን ቀስ እያለች ለቃ ቁልቁለቱን ወረደች።