ውሃ የማያወርደው ማጥለያ

ወንድማገኘሁ ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ሜልበርን ከተማ ኬንሲንግተን ባለው የመንግሥት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ በኖረባቸው አሥራ አራት ዓመታት፣ ስለ ሊፍቱ ወይም ስለ ልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ለቤቶች ቢሮ ያልጻፈበት ወር የለም። ሚስቱ የሺሀረግ፣ “አንተን እኮ ሲፈጥርህ ከነማመልከቻህ ነው” ትለዋለች።

እሱ ግን ራሱን እንደ ነጭናጫ አይቆጥርም። ናዝሬት ሳለ የውሃ ክፍል ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። አንዲት ስንጥቅ በቸልታ ከታለፈች ሰፈር ሙሉ ውሃ እንደምታሳጣ በዓይኑ አይቷል። በሱዳን በኩል አድርጎ ሜልበርን ሲገባ፣ ያን ሁሉ የሥራ ዘመን የሚመሰክርለት ወረቀት ስላልነበረው ማንም አልቆጠረለትም። ዲር ፓርክ በሚገኝ አነስተኛ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከማሽን የሚወጣውን ዕቃ እያገላበጠ የተበላሸውን ከደህናው የሚለይ ሠራተኛ ሆኖ ቀረ።

በ2014 ክረምት አዲስ ዕቃ መጣ። አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ፣ ከሥሩ አንድ ቀዳዳ ያለው፣ ኩባያ ላይ የሚቀመጥ ነጭ ነገር ነው።

“ቡና ማጥለያ ነው” አለው አለቃው ዳረን። “ወረቀት ታስገባበታለህ፣ የተፈጨ ቡና ትጨምራለህ፣ ፍል ውሃ ቀስ አድርገህ ታፈስበታለህ። ብሬት የሚባል ያራቪል ሰፈር ካፌ ያለው ልጅ ራሱ ነድፎት ነው ያዘዘን። ሁለት ሺህ ይፈልጋል። አንተ ጭረት ብቻ ፈልግ።”

ወንድማገኘሁ አንዱን አንስቶ በጣቱ ውስጡን ዳሰሰው። እንደ እንቁላል ቅርፊት ልስልስ ያለ ነው።

“ወረቀቱ ሲረጥብ ግድግዳው ላይ ልጥፍ ይላል” አለ። “አየሩ በየት ይወጣል? አየሩ ካልወጣ ውሃው አይወርድም።”

“ወንዲ፣ ጭረት ብቻ።”

ቀኑን ሙሉ ጭረት ሲፈልግ ዋለ። አንዱም ዕቃ ላይ ጭረት የለም፤ ሁሉም ግን የማይሠራ ነው፤ እሱም “ደህና” የሚል ምልክት እያደረገ ያሳልፋል። ሲወጣ ዳረንን አስፈቅዶ ጠርዙ የተጣመመ አንድ ማጥለያ ይዞ ሄደ፤ መንገድ ላይም ወረቀቱን ከሱፐርማርኬት ገዛ።

የሺሀረግ ከኤጅድ ኬር የአረጋውያን መንከባከቢያ ሺፍቷ ስትመለስ፣ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በአምስት ኩባያና በእርጥብ ወረቀት ተሞልቶ አገኘችው። ባሏ ሰዓቱን ከእጁ አውልቆ ፊቱ አስቀምጧል።

“ምን እየሠራህ ነው?”

“ስምንት ደቂቃ! ለአንድ ስኒ ስምንት ደቂቃ! ይኸው፣ እንደ ኩሬ ተኝቷል።”

“ቡናዬን ጨረስከው እኮ! ፋብሪካው የአንተ ነው? ቢወርድ ባይወርድ ምን አገባህ?”

“የማያወርድ ማጥለያ ላይ ‘ደህና ነው’ ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ!”

የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ሳምሪ ሶፋ ላይ ሆና ስልኳን ስታይ ነበር። “ዳድ፣ ሲሪየስሊ፣ የምርህን ነው?” አለች፤ ግን ነገሩ ሳይማርካት አልቀረም፣ ፈልጋ አነበበችለት። ዕቃውን መጀመሪያ ያበጀችው አንዲት ጀርመናዊት የቤት እመቤት ነች። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ፣ ቡናዋ አተላ እየሆነ ጥርሷ ውስጥ ሲገባ ተማርራ፣ የናስ ድስት በሚስማር በሳችና ከልጇ ደብተር የቀለም መምጠጫውን ወረቀት ቀድዳ ውስጡ አነጠፈች። ቡናው ጥርት ብሎ ወረደላት። በኋላ ሌሎች እያሻሻሉት ሄዱ፤ ጃፓኖች ደግሞ ሾጠጥ አድርገው ውስጡን ጠመዝማዛ መስመር አወጡለት።

“መስመሩ ለምን እንደሆነ ይላል?” አለ ወንድማገኘሁ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

“ወረቀቱ እንዳይለጠፍ። ሶ ዚ ኤር ካን ጎ አውት፤ አየሩ እንዲወጣ።”

“አላልኩም? የሺ፣ አላልኩም?”

“ብለሃል” አለች የሺሀረግ ኩባያዎቹን እየሰበሰበች። “አሁን ጠረጴዛዬን ልቀቅ።”

ሴትዮዋ ግን ከልቡ ገባች። የተማረረችበትን ነገር ዝም ብላ ከመዋጥ ሚስማር ማንሳቷ ደስ አሰኘው።

ቅዳሜ ማጥለያውን ይዞ፣ ኖርዝ ሜልበርን ላይ ባቡር ቀይሮ ያራቪል ወረደና የብሬት ካፌ ገባ። ብሬት ጺሙን ያሳደገ፣ የቆዳ ሽርጥ ያገለደመ ወጣት ነው። ወንድማገኘሁ ከፋብሪካው መምጣቱንና የየት አገር ሰው መሆኑን ሲሰማ ፊቱ በራ።

“ኢትዮጵያ! አንተማ ቡና በደምህ ውስጥ ነው ያለው። ንገረኝ እስኪ፣ ምን ተሰማህ?”

“ስለ ቡና አይደለም የመጣሁት። ስለ ውሃ ነው።”

“የአበባ መዓዛውን ከዚህ ማጥለያ ጋር…”

“ስለ ውሃ ነው የምነግርህ!” ድምፁ ከፍ ስላለ ሁለት ደንበኞች ዘወር አሉ። “ውስጡ ልስልስ ስለሆነ አየር አያስወጣም። ለምን መስመር አላወጣህለትም?”

“ልስላሴው ነው ውበቱ” አለ ብሬት ትንሽ ቅር ብሎት። “በእጅ የተሠራው ናሙና በደንብ ሠርቷል።”

“ምን ዓይነት ነበር?”

“ሸክላ። ውስጡ ትንሽ ሻካራ…” ብሬት የማጥለያውን ውስጥ በጣቱ ዳሰሰ።

ወንድማገኘሁ አልጠበቀውም። ባንኮኒው ላይ ካለው ብርጭቆ የለስላሳ መምጠጫ ቀሰሞች አነሳ፣ ቢላዋ ተቀብሎ በቁመታቸው ሰነጠቃቸው፣ በወረቀቱና በግድግዳው መካከል ዙሪያውን ሰካቸው። “አፍስስ” አለው። ብሬት ቀጭን አንገት ካላት ማንቆርቆሪያ ክብ እየሠራ አፈሰሰ። ቡናው መጀመሪያ አበጠ፣ ቀጥሎ ጭል ጭል፣ ከዚያ ሳይቋረጥ ወረደ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ብሬት ስልኩን አንስቶ ወደ ዳረን ደወለ።

ዳረን ለሦስት ሳምንት አኮረፈው። ማሽኑ ቆሞ፣ የቅርጹ ብረት ወርዶ፣ መስመር ተቆፍሮለት እስኪመለስ ድረስ፣ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር “ጭረት ብቻ ነበር ያልኩህ” ይለው ነበር። አዲሱ ዕቃ ሲወጣ ግን ወንድማገኘሁ እያንዳንዱን በጣቱ እየዳሰሰ በሙሉ ልቡ አሳለፈው።

ከዚያ የማሸጊያ ካርቶኑ መጣ። ሳምሪ ጽሑፉን ስትተረጉምለት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ “ከጥንታዊት ኢትዮጵያ የቡና ጥበብ የተቀዳ” ይላል።

በዚያው ቅጽበት ለብሬት ደወለ። “ምን ጥንታዊ ነው? የናዝሬት ውሃ ክፍል የተቀጠርኩት በ1977 ነው!”

“ደስ ይልሃል ብዬ ነበር” አለ ብሬት ግራ ገብቶት። “‘ከቧንቧ ሠራተኛ የተቀዳ’ የሚል ካርቶን ማን ይገዛል?”

ወንድማገኘሁ ስልኩን ዘጋው። ጥያቄው ከጽሑፉ የባሰ አበሳጨው። ለብሬት የሚላክ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ለሳምሪ እየነገራት በእንግሊዝኛ አስጻፋት። ምላሽ አልመጣለትም፤ በሁለተኛው ትእዛዝ ካርቶን ላይ ግን ያ ዐረፍተ ነገር የለም። በቦታው የተጻፈ ሌላ ነገርም የለም፤ ባዶውን ቀርቷል። እሱም ባዶው ይሻላል አለ።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ማጥለያ ብሬት ልኮለት ቤት ውስጥ አለ። የሺሀረግ ጠዋት ሺፍት ሲኖራት ቡና የሚያፈላላት እሱ ነው። በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ለማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ያፈስሳል፣ ውሃውም መንገዱን ይዞ ይወርዳል። ይህን ወዶታል፤ ለሰው ግን አይናገርም።

“ቶሎ በል፣ ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው” ትለዋለች ጃኬቷን እንደለበሰች ቆማ።

“ውሃውን እንዴት ነው የማጣድፈው?”

ግማሹን ፉት ብላ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ትወጣለች። እሱም በሩ እስኪዘጋ ጠብቆ፣ ይህን ሁሉ ተደክሞበት ግማሽ ይተዋል እንዴ እያለ፣ የቀረውን ራሱ ይጠጣዋል።